ሹመትና ሽረት በዳኛ ወንበር ላይ፦ ከሐርጌሳ የፍርድ ታሪክ

በ1961 መጨረሻ፣ በዲሴምበር ወር፣ በሐርጌሳ የነበሩ ጥቂት ወጣት መኮንኖች በመንግሥት ላይ ተነሡ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከመኮንኖቹ ብዙዎቹ በእንግሊዝ አገር በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ነበሩ። ዓላማቸው ሞቃዲሾን መያዝ አልነበረም። ገና አሥራ ስምንት ወር ያልሞላውን የሰሜንና የደቡብ ሶማሊያ አንድነት አፍርሰው የቀድሞዋን የእንግሊዝ ሶማሊላንድ ለብቻዋ ማቆም ነበር። ሙከራው ግን በሰዓታት ውስጥ ከሸፈ፤ መኮንኖቹን የያዟቸው በእነርሱው ሥር የነበሩት የበታች ሹማምንት ናቸው። ታስረው ወደ ሞቃዲሾ ተወሰዱ።

እንዲህ ያለ ክስ በየትም አገር መጨረሻው አስቀድሞ ይታወቃል። መንግሥት ራሱ ተበዳይ፣ ራሱ ከሳሽ፣ ዳኛውንም ሿሚ በሆነበት ጉዳይ ላይ ተከሳሽ በነፃ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም። በ1963 የተሰጠው ፍርድ ግን ያልተጠበቀ ሆነ። ችሎቱን የመራው እንግሊዛዊ ዳኛ መኮንኖቹን በነፃ አሰናበታቸው። ምክንያቱም አጭርና አስደንጋጭ ነበር፤ ሁለቱን አገሮች ያዋሐደው ሕግ በሰሜኑ ግዛት በሕግ አግባብ ጸንቶ የቆመ ስላልሆነ፣ በዚያ ሕግ ላይ ተመሥርቶ በሐርጌሳ መኮንኖች ላይ ለመፍረድ ሥልጣን የለም የሚል ነው።

ነገሩ የሕግ ቀልድ አልነበረም። የሐርጌሳው ምክር ቤት በጁን 1960 መጨረሻ የአንድነት ሕግ አውጥቶ ነበር፤ የሞቃዲሾው ምክር ቤት ደግሞ የተለየ ጽሑፍ በመርሕ ደረጃ ተቀበለ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ወረቀት ላይ አልፈረሙም። ጁላይ 1 ቀን 1960 ባንዲራው ተሰቀለ፣ ሕዝቡ ጨፈረ፤ ወረቀቱን የሚያስተካክለው ሕግ የወጣው ግን በጃንዋሪ 1961 ነው፤ እርሱም ወደኋላ ተመልሶ እንዲጸና ተደርጎ። ዳኛው ያየው ይህን ክፍተት ነው። ከዚያ የበለጠ የሚያስደንቀው ደግሞ መንግሥት ፍርዱን መቀበሉ ነው፤ መኮንኖቹ ተፈቱ።

ይህ ፍርድ ለሶማሊላንድ የነፃነት ጥያቄ የታሪክ ማስረጃ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ይህን ጽሑፍ ግን የሚያሳስበው ሌላ ጥያቄ ነው። ያ ዳኛ ያንን ለመፍረድ እንዴት ቻለ? ከሌሎች ይልቅ ጀግና ስለነበረ ነው ለማለት ማስረጃ የለንም። እንጀራው በሞቃዲሾ ባለሥልጣኖች እጅ ያልነበረ፣ ነገ ከወንበሩ ቢነሣ ወደ አገሩ የሚሄድ፣ ጎሣ የማይጠራው፣ ዘመድ የማይለምነው ሰው ነበር። ነፃነቱ ከሕግ ይልቅ ከእንግድነቱ የመጣ ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ነፃነት ደግሞ ባለቤቱ መርከብ ሲሳፈር አብሮት ይሳፈራል።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ሲሄዱ የተሻለ ነገር አልተዉም። በገዛ አገራቸው ንጉሥ ዳኛን እንዳሻው እንዳይሽር የከለከሉት በ1701 ነው። በቅኝ ግዛቶቻቸው ግን ይህ ጥበቃ አልነበረም፤ አንድ የቅኝ ግዛት ዳኛ በዘውዱ መልካም ፈቃድ ብቻ እንደሚቀመጥና ያለ ክስ ሊሰናበት እንደሚችል የለንደን ፍርድ ቤት ያረጋገጠው በ1953 ነበር፤ ሐርጌሳ በዚያን ጊዜ ገና የእንግሊዝ ጥበቃ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ስለዚህ አዲሶቹ መንግሥታት የወረሱት ካባውንና የችሎቱን ወንበር እንጂ ዳኛው የሚደገፍበትን ምሰሶ አልነበረም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው የእኛ ብሂል ለዚያም ቤት ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ምሰሶው አለመኖሩ የታወቀው ብዙም ሳይቆይ ነው። በማርች 1969 በተደረገው የሶማሊያ ምርጫ ለ123 መቀመጫዎች ከስልሳ የሚበልጡ ፓርቲዎችና ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ዕጩዎች ተወዳደሩ። ገንዘብ ተረጨ፣ ኮሮጆ ተሰረቀ የሚለው አቤቱታ በዛ። ቀደም ሲል የምርጫ አቤቱታ ያይ የነበረው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ጊዜ አቋሙን ለውጦ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም አለ። የተበደለ ሰው የሚሄድበት በር ተዘጋ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሰሜን ሰው የሆኑት መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል ነበሩ፤ ስማቸውን አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን። በኦክቶበር ፕሬዚዳንት አብዲረሺድ ዓሊ ሸርማርኬ በላስ አኖድ ተገደሉ፤ በስድስተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 21፣ ጄኔራል ሲያድ ባሬ ሥልጣን ያዙ። ሕገ መንግሥቱ ተሻረ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ፈረሰ፤ ኢጋል ወህኒ ወረዱ።

በማግሥቱ ዓመት የብሔራዊ ጸጥታ ፍርድ ቤት የሚባል ተቋቋመ። የዚህ ችሎት ዳኞች የጦርና የጸጥታ መኮንኖች ነበሩ። ይግባኝ ወደሚባል ሌላ ፍርድ ቤት አይኬድም፤ ቢኬድም ወደ ሿሚው ነው። በጃንዋሪ 1975 አዲሱን የቤተሰብ ሕግ በመስጊድ የተቃወሙ አሥር የሃይማኖት አዋቂዎች የተረሸኑት በዚህ ችሎት ፍርድ ነው።

ሐርጌሳ የዚህን ፍርድ ቤት ፊት በቅርብ ያየችው በ1982 ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው ከሆስፒታል ነው። ከውጭ ተምረው የተመለሱ ወጣት ሐኪሞች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶችና ነጋዴዎች የከተማው ሆስፒታል ወድቆ፣ ቆሽሾ፣ መድኃኒትና ውኃ አጥቶ ባዩት ጊዜ መንግሥትን መጠበቁን ትተው በገዛ እጃቸው ያጸዱትና ያድሱት ጀመር። ገንዘብ አዋጡ፣ ሕዝቡንም አስተባበሩ። «ኡፎ» የምትባል ጽሑፍም ያወጡ ነበር፤ ቃሉ በሶማሊኛ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የሚነፍሰውን ነፋስ ያመለክታል። መንግሥት ግን ሆስፒታል የሚያጸዳ ሰው ነገ ምን ሊያጸዳ እንደሚችል ጠረጠረ። በ1981 መጨረሻ እስሩ ተጀመረ፤ የተያዙት ሰዎች ሠላሳ ያህል ነበሩ።

ፍርዱ እንዲሰማ የተቀጠረው ለፌብሩዋሪ 20 ቀን 1982 ነበር። በዚያን ቀን የሐርጌሳ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወጡ። መምህሮቻቸው፣ ያከሟቸው ሐኪሞች በወታደር ዳኛ ፊት ሊቆሙ ነውና ያገኙትን ድንጋይ እያነሡ ወረወሩ። ወታደሮች ተኮሱባቸው፤ የሞቱም የቆሰሉም ነበሩ። ቀኑ እስከ ዛሬ በሐርጌሳ «ደገሕ ቱር»፣ ማለትም የድንጋይ ውርወራ ቀን ተብሎ ይታሰባል። ችሎቱ ግን አልተናወጠም። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ በረጅም ዘመን እስራት፣ እስከ ዕድሜ ልክም ድረስ ተቀጡ፤ ብቻቸውን በተዘጋ ክፍል ለዓመታት ኖረው የተፈቱት በ1989 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በ1963 መሣሪያ ይዘው የተነሡ መኮንኖች በፍርድ ቤት ነፃ ወጡ፤ በ1982 መጥረጊያ ይዘው የተነሡ ሐኪሞች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። የሕጉ መጽሐፍ መለወጡ እውነት ነው፤ የጸጥታው ሕግ የተጻፈው ለመቅጣት ነበር። ነገር ግን ያንን ሕግ በእጁ የያዘው ሰው የተሾመው እንዲፈርድበት እንጂ እንዲመረምርበት አልነበረም። ያቺ ከተማ ከዚያ በኋላ በፍርድ ቤት ተስፋ የሚያደርግ ሰው አልነበራትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 1988፣ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ቡርኦና ሐርጌሳ ሲገቡ መንግሥት ሐርጌሳን ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ በሚነሡ አውሮፕላኖች ደበደባት። ዛሬ በከተማው መካከል በሐውልት ላይ የተሰቀለችው ሚግ አውሮፕላን የዚያ መታሰቢያ ናት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ እኛ አገር ተሰደደ፤ ሐርቲሼክን የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል።

በ1991 ስደተኛው ሲመለስ ከተማው ፍርስራሽ፣ መዝገቡ አመድ ነበር። በዚህ ባዶ ጊዜ ሕዝቡን ያዳኘው አሮጌው «ሔር» ነው። ሔር የሶማሌ ጎሣዎች ባህላዊ ሕግ ነው፤ በዛፍ ሥር ይሰየማል፣ የሰውን ደም በካሣ ይፈታል፤ በልማዱ ለአንድ ወንድ ነፍስ መቶ ግመል ይቆጠራል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ሌላው ጠባዩ ነው። በሔር ሸንጎ ዳኛን ከላይ የሚሾም የለም፤ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙባቸው ነው፤ ያልተስማማ ወገን ይህ ሰው አይዳኘኝም ለማለት ይችላል። የእኛን የድሮ «በላ ልበልሃ» ሙግት ለሚያውቅ፣ መንገደኛ በዛፍ ጥላ ሥር ዳኛ ሆኖ ይሰየም እንደነበር ለሰማ ሰው እንግዳ አይደለም። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ ሴት በሸንጎው አትቀመጥም፣ ጎሣው ያነሰ ሰው ካሣውም ያንሳል። ቢሆንም የ1993ቱን የቦረማ ጉባኤ ያሳካው፣ ጠመንጃውን ያስቀመጠው ይህ የሽምግልና ሥልጣን ነው።

ቦረማ ላይ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት እነዚያው ኢጋል ናቸው። በ1969 ፍርድ ቤቱ በሩን ሲዘጋ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት የታሰሩት ሰው፣ አሁን ዳኛ የመሾሙን ብዕር እንደገና ያዙ። ገንዘብ አሳተሙ፣ ሠራዊት አሰባሰቡ፣ ቀረጥ አስከፈሉ። ፍርድ ቤቶቹ ግን ከሌላው ሁሉ ዘግይተው የተነሡ የመንግሥት ክፍል ነበሩ፤ ከ1969 በፊት የነበሩት ሕጎች፣ የ1962ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጭምር፣ አቧራቸው ተራግፎ ወደ ሥራ ተመለሱ።

በሜይ 31 ቀን 2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዳኝነት ከሌሎቹ የመንግሥት አካላት ነፃ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ሊቀ መንበር ፕሬዚዳንቱ ይሾማሉ፤ ሹመቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ መጽደቅ አለበት። ዳኞችን የሚመለምል፣ የሚያሳድግ፣ የሚቀጣና የሚያሰናብት ደግሞ የፍትሕ ኮሚሽን ነው። ይህ ሁሉ ሲነበብ ያምራል። የኮሚሽኑን ወንበሮች ግን አንድ በአንድ እንቁጠራቸው። አባላቱ አሥር ናቸው። ሰብሳቢው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሊቀ መንበር ነው፤ ሿሚው ፕሬዚዳንቱ። ሁለት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንጋፋ ዳኞች አሉ፤ እነርሱም የፕሬዚዳንቱ ተሿሚዎች። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አለ፤ በየቀኑ በእነዚያው ዳኞች ፊት ቆሞ የሚከራከር ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ አለ፤ የሲቪል ሰርቪስ ተቋም ሊቀ መንበር አለ። ስድስት ሆኑ። የቀሩት አራቱ ከሁለቱ ምክር ቤቶች የሚመረጡ ናቸው፤ ከአዋቂዎች፣ ከነጋዴዎች፣ ከሃይማኖት ሊቃውንትና ከባህል አዋቂዎች አንዳንድ። ዳኛን ከሿሚው ቁጣ ይጠብቅ ዘንድ የተቋቋመው ጉባኤ ከአሥሩ ስድስቱን ያገኘው ከራሱ ከሿሚው እጅ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ስለ ጉቦኛ የተነገረ ነው። ነገር ግን ሌላ ነገርም ይነግረናል፤ በዚህ ተረት ዓለም ሽረት እንደ ዝናብና በጋ በወቅቱ የሚመጣ፣ ማንም የማይመልሰው ነገር ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ ወንበሩ ያልጸና ዳኛ ሲፈርድ ሕጉን በአንድ ዓይኑ፣ በሩን በሌላ ዓይኑ ቢያይ ምን ይደንቃል?

ሐርጌሳን ብቻ እየወቀስን እንዳይመስል ወደ ቤታችንም ዞር ማለት ይገባል። የ1955ቱ የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ዳኞች ነፃ ናቸው እያለ ሿሚያቸው ንጉሠ ነገሥቱ መሆናቸውን አብሮ ይደነግግ ነበር። በ1995ቱም ሕገ መንግሥት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትን የሚያቀርቡት ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው። በ2001 ወጣቷ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ ለቀቁ። ተለቃቂው ከግቢው ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በዚያው ወር በሙስና የተከሰሰ ሰው የዋስ መብት እንዳይኖረው የሚያደርግ አዋጅ ወጣ። ዳኛዋን ማንም አልሻረም፤ ፍርዱ ነው የተሻረው።

ወደ ሐርጌሳ እንመለስ። ኢጋል በሜይ 2002 ሲሞቱ ምክትላቸው ዳሂር ሪያሌ ካሂን ተተኩ። በኤፕሪል 14 ቀን 2003 የመጀመሪያው ቀጥተኛ የፕሬዚዳንት ምርጫ ተደረገ። ግማሽ ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ የምርጫ ኮሚሽኑ ሪያሌ የኩልሚዬውን አሕመድ መሐመድ መሐሙድ ሲላንዮን በ80 ድምፅ በለጡ ብሎ አወጀ። ሰማንያ! በአንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ነው። ኩልሚዬ የራሱ ቆጠራ ሌላ እንደሚያሳይ ገልጾ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ።

የዚያች አገር ዳኞች እንደዚያች ሳምንት ያለ ሸክም ተሸክመው አያውቁም። በአንድ ወገን በሥልጣን ላይ ያሉት ፕሬዚዳንት አሉ፤ በሌላው ወገን ግማሹ ሕዝብ አለ፤ ጠመንጃው ደግሞ በየቤቱ ከተሰቀለ ገና አሥር ዓመቱ ነው። ፍርድ ቤቱ በሜይ 11 ውሳኔውን ሰጠ፤ ሪያሌ አሸናፊ መሆናቸውን አጸና፤ ልዩነቱም ከ80 ወደ ሁለት መቶ ከፍ አለ። ፍርዱ ትክክል ይሁን አይሁን ይህ ጸሐፊ ለመፍረድ አይደፍርም። የሚታወቀው ተሸናፊው ወገን አለማመኑ ነው፤ ያላመነውም በሒሳቡ ብቻ ሳይሆን በቆጣሪዎቹ ነው። አገሪቱን ከደም ያዳናት ፍርዱ አልነበረም። ሽማግሌዎች ከቤት ቤት ሲመላለሱ ሰነበቱ፤ ሲላንዮም በመጨረሻ፣ በጁን ወር ገደማ፣ ሽንፈቱን ተቀበሉ። ለዚህ ትዕግሥታቸው የሚገባቸውን ምስጋና ታሪክ አልነፈጋቸውም።

በዚያው ዘመን ከፍርድ ቤቶቹ ጎን ሌላ ዳኝነት ይሠራ ነበር። የክልልና የወረዳ የጸጥታ ኮሚቴዎች የሚባሉት፣ አስተዳዳሪዎችና የፖሊስ አዛዦች የሚቀመጡባቸው ጉባኤዎች፣ ሰውን ያለ ማስረጃና ያለ ጠበቃ ወደ ወህኒ ይልኩ ነበር። ሂውማን ራይትስ ዎች በጁላይ 2009 ባወጣው ዘገባ በበርበራ መንገድ ባለው በማንዴራ ወህኒ ቤት በዚህ መንገድ የገቡ ብዙ እስረኞች ማግኘቱን ጽፏል። በ2007 መጀመሪያም የ«ሃቱፍ» ጋዜጣ ሰዎች ስለ ፕሬዚዳንቱ ቤተሰብ በጻፉት ተከሰው ከሁለት ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባቸው፤ አንድ ወር ሳይሞላ ግን በፕሬዚዳንቱ ምሕረት ተፈቱ። የታሰሩትም የተፈቱትም በአንድ ቤት ደስታና ቁጣ ነው ብሎ ሕዝቡ ቢያስብ አይፈረድበትም። የይግባኝ ችሎት ነፃ ቢያወጣቸው ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ።

በ2010 ሲላንዮ አሸነፉ። በ80 ድምፅ የተሸነፉት ሰው፣ የፍርድ ቤቱን ሚዛን በገዛ ሥጋቸው ያዩት ሰው፣ ብዕሩን ለመስበር ከማንም ይልቅ የተገባቸው ነበሩ። አልሰበሩትም። በእርሳቸውም ዘመን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሊቀ መንበር በፕሬዚዳንት ድንጋጌ ተነሥቶ ሌላ ተተካ። በ2015 የተሾሙት አደን ሐጂ ዓሊ በ2017 ሙሴ ቢሂ አብዲን ለማስማል ደረሱ። ኢጋል፣ ሪያሌ፣ ሲላንዮ፣ ሁሉም በጠባያቸው የተለያዩ ነበሩ፤ በዚህ አንድ ነገር ግን ተመሳሰሉ።

የሥልጣን ዘመን ክርክርም ቢሆን ወደ ችሎት ሄዶ እልባት ሲያገኝ አልታየም። በ2008፣ በ2015ና በ2022 ምርጫ ሳይደረግ ቀርቶ «ጉርቲ» የሚባለው የሽማግሌዎች ምክር ቤት ለፕሬዚዳንቶቹ ዘመን ጨመረላቸው፤ ራሱ ጉርቲም ከተመሠረተ ጀምሮ በሕዝብ ተመርጦ አያውቅም። በ2022 ተቃዋሚዎች የሄዱት ወደ አደባባይ ነው፤ ሰውም ሞተ። መጨረሻ ላይ ነገሩን ያረገቡት እንደ ቀድሞው አስታራቂ ሽማግሌዎች ሆኑ፤ ምርጫውም በኖቬምበር 13 ቀን 2024 ተደርጎ የዋዳኒው አብዲራህማን መሐመድ አብዱላሂ «ኢሮ» ስልሳ አራት በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፉ፤ ሙሴ ቢሂም በሰላም ወረዱ።

ከ2003 ወዲህ በተደረጉት ሦስት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች፣ በ2010፣ በ2017ና በ2024፣ የአሸናፊና የተሸናፊ ልዩነት ሰፊ ነበር። ስለዚህ የሐርጌሳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ80 ድምፅ ላይ ዳግመኛ እንዲፈርድ አልተጠየቀም።